ጋቸና፦ የኦሮሞን የቁርበት ጋሻ ከባለሙያ ጋር ሆኖ ለመሥራት ዝርዝር መመሪያ

እሬቻ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ፈረስ ጉግስ ላይ ጋሻ የያዘ ወጣት ታያላችሁ። ጠጋ ስትሉ አንዳንዱ ካርቶን ነው፣ አንዳንዱ ፕላስቲክ፣ አንዳንዱ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ። ልጆቹን አልወቅስም፤ ባህላቸውን ይዘው መውጣታቸው ደግ ነው። ግን እውነተኛው ጋሻ፣ በኦሮምኛ ጋቸና የሚባለው፣ የሚፈልገው ቁርበት ዛሬም በየከተማው ቄራ ደጃፍ በርካሽ ይገኛል። እየጠፋ ያለው ሥራውን የሚያውቀው ሰው ነው። እሱም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም፣ ጠያቂ ነው ያጣው።

ይህ መመሪያ ከበሬ ወይም ከኮርማ ቁርበት አንድ ክብ ጋሻ እንዴት እንደሚወጣ ያሳያል። ስፋቱ 56 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ መሃሉ ወደ ውጭ የሾለ፣ ፊቱ ላይ የተነሱ መስመሮች ያሉት ጋሻ ነው። ለባህል ቡድን፣ ለቲያትር፣ ለበዓል ወይም ለቤታችሁ ግድግዳ ይሆናል። ሥራው ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ አብዛኛው ግን መጠበቅ ነው።

ከሁሉ በፊት ሠሪውን ፈልጉ

ጋሻ የክብር ዕቃ ነው። የጦር መሪው አባ ዱላ ይዞት ይዘምታል፣ ፈረሰኛው ይመካበታል፣ በጌራርሳ፣ በኦሮሞ የጀግንነት ዘፈን፣ ይወደሳል። ሠሪው ግን ከዚያ ክብር አልደረሰውም። ቆዳ የሚሠሩት ፋቂ፣ ብረት የሚቀጠቅጡት ቱምቱ፣ በአደን የሚኖሩት ዋታ እየተባሉ ከሌላው ተለይተው ኖረዋል። ገበሬው ልጁን አይድርላቸውም፣ በብዙ ቦታም መሬት አልነበራቸውም። የጦሩን ጫፍ ያወጣው፣ ጋሻውን የወጠረው፣ ኮርቻውን የሰፋው እጅ ግን የእነሱ ነው። ሙዚየም ስትገቡ ጋሻው ሥር ያለችውን ወረቀት አንብቡ። የመጣበት አካባቢ ተጽፏል፣ አንዳንዴ ያበረከተው ሰው ስም አለ፣ የሠሪው ስም ግን ብዙ ጊዜ የለም። ይህ ነገር እኔን ያንገበግበኛል፤ መመሪያውንም ከዚህ የጀመርኩት ለዚያ ነው።

እንዴት ታገኙታላችሁ? ገበያ ሄዳችሁ «ጋሻ የሚሠራ አለ ወይ» ብትሉ «ኧረ የለም» ትባላላችሁ። ኮርቻ ማን እንደሚሠራ፣ ጠፍር ማን እንደሚቆርጥ፣ ከበሮ ማን እንደሚወጥር ጠይቁ። ፈረስ በብዛት ባለበት አገር፣ በአርሲና በባሌ ደጋ፣ በሰላሌ፣ በምዕራብ ሸዋ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይታጣም። ጥሬ ቁርበት አርጥቦ መወጠርና ማድረቅ የሚችል ሰው የጋሻን ግማሽ ያውቃል። ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ አባቱ ወይም አያቱ ሲሠሩ አይቶ ይሆናል፣ ያኔ ዕድለኞች ናችሁ።

ስትቀርቡት ስሙን ጠይቃችሁ «ኦቦ» ብላችሁ ጥሩት። ሴት ባለሙያ ከሆነች «አደ» በሏት። «ፋቂ» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አታውጡ፤ ስድብ ሆኖ ነው የኖረው። ዋጋ ስትነጋገሩ የቁርበቱን ብቻ አታስቡ፣ ቁርበቱ ከሁሉ ርካሹ ነው። የሰውየውን ቀናት ቁጠሩ። ፎቶና ቪዲዮ ማንሳት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ የት እንደምታወጡትም ንገሩት።

ባለሙያ ካላገኛችሁ ከታች ያለውን ተከትላችሁ ብቻችሁን መሞከር ትችላላችሁ። ካገኛችሁ ደግሞ እሱ ያለው ከእኔ ቃል ይቀድማል። በየአካባቢው ስፋቱም፣ ጌጡም፣ አሠራሩም ይለያያል፤ የአርሲው ከቦረናው፣ የቦረናው ከጅማው አንድ አይደለም።

እውነተኛውን አይታችሁ ጀምሩ

ቁርበት ከመግዛታችሁ በፊት አንድ የድሮ ጋሻ በዓይናችሁ እዩ። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጥሩ መነሻ ነው። የአባ ጅፋርን ዕቃዎች የያዘው የጅማ ሙዚየምም አለላችሁ።

ስታዩ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ መሃሉ ላይ ያለው እምብርት ወደ ውጭ ይወጣል፣ ከእሱ ጀምሮ ጋሻው እንደ ተዳፋት ወደ ጠርዙ ይወርዳል። የተወረወረ ጦር ለጥ ያለ ነገር ላይ ካረፈ ይሰካል፣ ተዳፋት ላይ ካረፈ ግን ይንሸራተታል። ሁለተኛ፣ ፊቱ ላይ ያሉት ክብና ቀጥ ያሉ መስመሮች ከጀርባ ተገፍተው የወጡ ናቸው። ዓይን ይማርካሉ፣ ቁርበቱንም እንዳይታጠፍ ያጠነክሩታል፤ መስመር የሌለው ጋሻ በእጃችሁ ብትጫኑት ይረገባል። ሦስተኛ፣ መያዣውን እዩ። ወፍራም ጠፍር በአራት ቀዳዳ ገብቶ ፊት ለፊት ይታያል። ምስማር የለም፣ ሙጫ የለም።

ቁርበት ለዚህ ሥራ የተመረጠበት ምክንያት አለው። እንጨት በጭረቱ ይሰነጠቃል። የቁርበት ጭረት ግን በየአቅጣጫው የተጠላለፈ ስለሆነ መሰንጠቂያ መስመር የለውም። በዚያ ላይ ቀላል ነው፣ ፈረስ ላይ ሆኖ በአንድ እጅ ይያዛል። ጦርና ዱላ ይመልሳል። ጥይት ግን አይመልስም። እ.ኤ.አ. በ1886 አዙሌ ላይ የአርሲ ተዋጊዎች ጋሻና ጦር ይዘው ጠመንጃ ከታጠቀው የምኒልክ ጦር ጋር ሲገጥሙ እጅግ ብዙ ሰው አልቋል። ጠመንጃ እየበዛ ሲሄድ ጋሻ ከጦር ሜዳ ወጥቶ ወደ ፈረስ ጨዋታና ወደ በዓል ገባ፤ ሠሪውም ገበያው ቀዘቀዘበት።

ቁርበቱን መምረጥ

ድሮ ጋሻ ከጎሽ፣ ከጉማሬ፣ ከአውራሪስም ይሠራ ነበር። ዛሬ ይህን አታስቡት። አውራሪስ ከአገራችን ጠፍቷል፣ የቀሩትን ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። የኮርማ ቁርበት በደንብ ይበቃል፣ የበሬም እንዲሁ፤ ድሮም ብዙ ሰው የያዘው የከብቱን ነው።

ያረጀ በሬ ወይም ትልቅ ኮርማ ፈልጉ። የወይፈን ቁርበት ስስ ነው። ከአንዱ ቁርበት ውስጥ ደግሞ የአንገትና የጀርባው ክፍል ወፍራም ነው፣ የሆዱ ስስና ልል ነው። ክቡን ስታወጡ የአከርካሪው መስመር በመሃል እንዲያልፍ አድርጉ። ያኔ ግራና ቀኙ እኩል ይወፍራል፣ ሲደርቅም ወደ አንድ ጎን አይጎተትም። ሲደርቅ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚቀር ውፍረት ጥሩ ነው።

አሁን ቁርበቱን ገልብጣችሁ በሥጋው በኩል ብርሃን አስገቡበት። የገፋፊው ቢላ የጫረው ቦታ አለ? ትንሽ መስሎ የሚታየው ጭረት ሲወጠር ቀዳዳ ይሆናል። በጸጉሩ በኩል የእሾህ ጠባሳና የብረት መተኮሻ ምልክት ፈልጉ። በጠባሳው ቦታ ቁርበቱ እንደሌላው አይለጠጥም፣ ስለዚህ ከእምብርቱና ከመያዣው ቦታ አርቁት።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ሞቶ ከተገኘ ከብት ቁርበት አትውሰዱ። በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ከብቱን የገደለው አባሰንጋ ሊሆን ይችላል። የአባሰንጋ ጀርም ቁርበቱ ላይ ለዓመታት ይቆያል፣ ማድረቅም ጨውም አይገድለውም፣ በእጅ ቁስልና በትንፋሽ ወደ ሰው ይገባል። ከቄራ፣ ሐኪም ካየው ከብት ብቻ ግዙ።

ትኩስ ቁርበት ካገኛችሁ በዚያው ቀን ሥራ ጀምሩ። በጨው የተቀባ ከሆነ ግን ጨው እስኪለቅ ሁለት ቀን ንጹሕ ውሃ ውስጥ አቆዩት፣ ውሃውንም ደጋግማችሁ ቀይሩ። የቀረ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል። እንዲህ ያለ ጋሻ በክረምት ይላላል፣ በበጋ ይደርቃል፣ በመጨረሻ ይጣመማል።

ሥጋና ሞራውን መፋቅ

ለስላሳ ወፍራም ግንድ አጋድሙ። ቁርበቱን በሥጋው በኩል ወደ ላይ አድርጋችሁ አንጥፉበት። በሁለት እጅ በሚያዝ፣ ብዙ ባልተሳለ ቢላ ከላይ ወደ ታች ግፉ። የተሳለ ቢላ ይቆርጣል፣ የደነዘው ይገፋል፤ የምንፈልገው የሚገፋውን ነው። ሞራውም፣ ስስ ሽፋኑም፣ የተረፈ ሥጋም ጥርግ ብሎ መውጣት አለበት። ሞራ የቀረበት ቦታ አይደርቅም፣ ቆይቶም ይሸታል፣ ትልም ይጠራል።

በደቡብ፣ በኮንሶና በጋሞ፣ እንጨት እጀታ ላይ ባልጩት ድንጋይ አጣብቀው ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች አሉ። ከተለያየ አገር አርኪዮሎጂስት እየመጣ ያያቸዋል። እናንተ የብረት ቢላ ይበቃችኋል።

ጸጉሩን ማውጣት

ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ጋሻው ከደረቀ በኋላ በምላጭ መላጨት ነው፤ ጊዜ ይቆጥባል፣ የጸጉሩ ሥር ግን ይቀራል። ጌጡ ጥርት ብሎ እንዲታይ ከፈለጋችሁ አመድ ይሻላል።

የእንጨት አመድ አንድ እጅ፣ ውሃ ሦስት እጅ አድርጋችሁ በፕላስቲክ በርሜል በጥብጡ። የአሉሚኒየም ዕቃ አትጠቀሙ፣ አመዱ ይበላዋል። ቁርበቱን ሙሉ በሙሉ አጥልቁት፣ በቀን ሁለት ጊዜ አገላብጡት። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ጸጉሩን በጣታችሁ ሳብ አድርጉ። ያለ ትግል ከመጣ ደርሷል፣ ካልመጣ አንድ ቀን ጨምሩ። በቆላ ቶሎ ይደርሳል፣ በደጋ ይዘገያል። የአመድ ውሃ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን ጠብቁ፣ ልጆችን አርቁ።

ጸጉሩን በደነዙ ቢላ ገፍታችሁ ካወጣችሁ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን በንጹሕ ውሃ እጠቡት። የሚያዳልጥ ስሜቱ እስኪጠፋ ድረስ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቁርበቱን ማልፋት የለባችሁም። እምቧይም፣ የግራር ቅርፊትም፣ ቅባትም አሁን አያስፈልግም። የለፋ ቆዳ ለስላሳ ነው፣ ለለምድና ለስልቻ ይሆናል። ጋሻ የሚቆመው በጥሬ ቁርበት ነው። ጠፍር አልጋ ሲወጠር ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ርሶ ይታሰራል፣ ሲደርቅ ራሱን አጥብቆ እንደ እንጨት ይጠነክራል።

ስፋቱን ማስላትና መቁረጥ

የምትቆርጡት ክብ ከጋሻው በጣም ይበልጣል። ምን ያህል? ጋሻችን 56 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 12 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖረው፣ ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ ያለው ተዳፋት 30.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለቱን ጎን ስትደምሩ 61። ለጠርዝ ማጠፊያ በየጎኑ 3 ሲጨመር 67። ለመወጠሪያ ቀዳዳ በየጎኑ 5 ሲጨመር 77። ቁርበት ሲደርቅ ስለሚሸበሸብ 80 አድርጉትና ገላገል በሉ።

መሃሉ ላይ ወስፌ ተከሉ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ሲባጎ እሰሩበት፣ ጫፉ ላይ ከሰል ይዛችሁ ዙሩ። ከዚያ ቁረጡ። ከተረፈው ቁርበት ለመያዣ የሚሆን 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጠፍር፣ ለጠርዝ መስፊያ ደግሞ ቀጫጭን ጠፍሮች አውጡ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጧቸው። የሚቆዩ ከሆነ አድርቋቸው፣ በሥራው ቀን መልሳችሁ ታረጥቧቸዋላችሁ።

ፎርማውና መወጠሩ

ፎርማ ከእንጨት ይጠረባል ወይም መሬት ላይ ከአፈር ይደለደላል። ለአንድ ጋሻ እንጨት መጥረብ ድካም ነው። ጥላ ሥር፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ምረጡ። ሸክላማ አፈር ከአሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በትንሽ ውሃ እየጠቀጠቃችሁ 56 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ ሥሩ። ጫፉ ላይ ለእምብርቱ የሚሆን ክብ እንጨት ወይም ለስላሳ ድንጋይ ቅበሩ። አንድ ቀን አድርቁት፣ ከላዩ ደረቅ አመድ ነስንሱበት። አመዱ ቁርበቱ አፈሩ ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

ከቁርበቱ ጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በየ8 ሳንቲ ሜትሩ በወስፌ ብሱት፣ 30 ገደማ ቀዳዳ ይወጣችኋል። ጸጉር የነበረበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ቁርበቱን ፎርማው ላይ አልብሱት፣ እምብርቱ መሃል ላይ ማረፉን አረጋግጡ።

አሁን ካስማ። አንዱን በምሥራቅ ከመታችሁ ሁለተኛውን በምዕራብ ምቱ፣ ሦስተኛውን በሰሜን፣ አራተኛውን በደቡብ፣ ከዚያ በመካከላቸው። በተርታ እየዞራችሁ ከመታችሁ ቁርበቱ ወደ አንድ ወገን ይሸሽና ጠርዙ ላይ እጥፋት ይፈጠራል። መጀመሪያ ላላ አድርጋችሁ ያዙት፣ ከዚያ ሁለተኛ ዙር አጥብቁ፣ ከሰዓት ሦስተኛ ዙር። በእያንዳንዱ ዙር በመዳፋችሁ ከእምብርቱ ወደ ጠርዙ እየገፋችሁ አየሩን አስወጡ። ሁለት ሰው ሆናችሁ ብትሠሩ በጣም ይቀላል፣ አንዱ ይገፋል አንዱ ይመታል።

ጌጡን ማውጣት

ይህ የሥራው ልብ ነው። አትቸኩሉ፣ አትዘግዩም።

ቁርበቱ ውሃው ጠፍቶ እርጥበቱ ሳይጠፋ መያዝ አለበት። እንዴት ይታወቃል? በጥፍራችሁ ጫን አድርጉ። ምልክቱ ወዲያው ከጠፋ ገና ነው። ነጭ ሆኖ ከቀረ አልፏል፣ በእርጥብ ጨርቅ መልሳችሁ አረስርሱት። ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ቁርበቱ ግን ቀለሙን ካልቀየረ ሰዓቱ ነው። እንደ አየሩ ሁኔታ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ሊወስድ ይችላል። ቀልባችሁ ከእሱ አይራቅ፣ በየሰዓቱ እየሄዳችሁ ጥፍራችሁን አሳርፉ።

ካስማዎቹን ነቅላችሁ ጋሻውን አንሱት። ቅርጹን ይዞ ታገኙታላችሁ። ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ወፍራም ደረቅ አሸዋ ላይ አስተኙት፣ አሸዋው ቅርጹን ተከትሎ ይደግፈዋል። ከጀርባው በሲባጎና በከሰል ክቦቹን ንደፉ። ከእምብርቱ ቀጥሎ አንድ ክብ፣ ከዚያ አንድ አውራ ጣት ራቅ ብሎ ሌላ፣ ከጠርዙ ቀረብ ብሎ ሦስተኛ። በክቦቹ መካከል ከመሃል ወደ ውጭ የሚሄዱ ቀጥ ያሉ መስመሮች መጨመር ትችላላችሁ። መጀመሪያችሁ ከሆነ ሦስት ክብ ይብቃችሁ።

የበሬ ቀንድ ጫፉን ሞርዳችሁ ድቡልቡል አድርጉት፣ ከሌለ ጠንካራ የወይራ እንጨት። ጫፉ ስለት ሊኖረው አይገባም። በነደፋችሁት መስመር ላይ እየገፋችሁ ሂዱ። አንዴ በኃይል ከመጫን አሥር ጊዜ በቀስታ መመላለስ ይሻላል፤ ጭረቱ ቀስ ብሎ እየተለጠጠ ነው የሚወጣው። ከዚያ ገልብጡት። ፊቱ ላይ የተነሳው መስመር ገና ደብዘዝ ያለ ነው። ከመስመሩ ግራና ቀኝ በቀንዱ ጎን ጫን ጫን እያላችሁ ስትሄዱ ከፍ ያለው ተለይቶ ይወጣል፣ ጥላ ይጥላል። ከፊት አንዴ፣ ከጀርባ አንዴ፣ እየተመላለሳችሁ። አንድ ጎበዝ ባለሙያ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ስታዩት እጁ መስመሩን ሳያይ ነው የሚከተለው፤ በጣቱ ጫፍ የቁርበቱን ውፍረት ይለካል፣ የሳሳ ቦታ ሲደርስ ጫናውን ያላላል። ይህ በጽሑፍ አይተላለፍም፣ ለዚህ ነው ከባለሙያ ጋር ሥሩ ያልኳችሁ።

ሲያበቃ ጋሻውን ፎርማው ላይ መልሳችሁ በካስማ ያዙት። ጌጡን እንዳይጨፈልቀው በዚህኛው ዙር ሙሉ በሙሉ አታጥብቁ።

ማድረቅ

ጥላና ነፋስ። ፀሐይ የለም፣ እሳት የለም። እርጥብ ቁርበት 60 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ሲያገኘው ይበስላል፣ ይኮማተራል፣ ጫፍ ጫፉ ሙጫ ይሆናል። የቀትር ፀሐይም ላዩን ቀድሞ ስለሚያደርቀው ይሰነጥቀዋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቅርጹን ከያዘ ከፎርማው አውርዳችሁ ጀርባውም ነፋስ እንዲያገኝ አቁሙት። በአጠቃላይ ከአምስት እስከ አሥር ቀን። በጣታችሁ ስትመቱት የከበሮ ድምፅ ካሰማ ደርቋል፣ የታፈነ ድምፅ ካሰማ ውስጡ እርጥብ ነው። በክረምት አትጀምሩት፣ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ያለው ወቅት ለዚህ ሥራ ይመቻል።

ጠርዙ ተንጋደደ? አትደናገጡ። ጥሬ ቁርበት ይቅር ባይ ነው። የተንጋደደውን ቦታ ብቻ በእርጥብ ጨርቅ አለስልሱ፣ በሁለት ጣውላ መካከል ቆንጥጣችሁ እንደገና አድርቁ።

ጠርዝና መያዣ

የካስማ ቀዳዳ ያለበትን ዙሪያ ቆርጣችሁ ጣሉ። የቀረውን 3 ሳንቲ ሜትር በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሲለሰልስ ወደ ኋላ እጠፉት። በወስፌ እየበሳችሁ በቀጭኑ እርጥብ ጠፍር ስፉት። ጠፍሩ ሲደርቅ እጥፋቱን ያንቀዋል። ይህ ጠርዝ ዱላ ሲያርፍበት ጋሻው እንዳይቀደድ ይጠብቃል፣ የክቡንም ቅርጽ ይይዛል።

ለመያዣው ከእምብርቱ ግራና ቀኝ፣ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ብሱ፣ በአጠቃላይ አራት። ሰፊውን ጠፍር አርጥባችሁ እንደ ገመድ ጠምዝዙት። ከጀርባ ወደ ፊት በአንዱ ቀዳዳ አውጥታችሁ በአጠገቡ ባለው መልሱት፣ ከዚያ ወደ ሌላኛው ወገን ተሻግራችሁ እንዲሁ አድርጉ። ጫፎቹን ከጀርባ መያዣው ላይ ጠምጥማችሁ እሰሩ። ከመድረቁ በፊት ጭብጣችሁን አስገብታችሁ ለኩት። የጣታችሁ አንጓ ጋሻውን ሳይነካ መያዝ አለባችሁ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይበቃል። ክፍተቱ እንዳይጠብ የእንጨት ቁራጭ ወይም የታጠፈ ጨርቅ ውስጡ ትታችሁ አድርቁት። በመጨረሻ ለመሸከሚያ የሚሆን ማንጠልጠያ ጠፍር ከመያዣው ጋር እሰሩ።

ማጠናቀቅና መያዝ

ሞራ አቅልጣችሁ በጨርቅ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ የተረፈውን ጥረጉ። ቅቤም ይሆናል። ማብዛት ግን አይገባም፣ ቅባት የጠገበ ቁርበት ይላላል፣ አቧራም ይይዛል። ቫርኒሽ አትቀቡ፣ የጫማ ቀለም አትቀቡ። ቫርኒሽ ላዩን ዘግቶት ቁርበቱ ከአየሩ ጋር ሲላላና ሲጠብቅ አብሮት ስለማይሄድ ይሰነጠቃል፣ ልጥልጥ እያለ ይወድቃል። በየገበያው የምታዩት የሚያብረቀርቅ ጋሻ ሁለት ዓመት ቆይቶ ምን እንደሚመስል እዩት።

ጋሻውን ከውሃና ከምድጃ አርቁ። ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉት በመያዣው አይሁን፣ ክብደቱ ቀዳዳዎቹን ይጎትታል፤ ከሥር ሁለት የእንጨት መደገፊያ ምቱለት። ብል ከገባበት፣ ከሥሩ የዱቄት ዓይነት ብናኝ ታያላችሁ። ፍሊት አትርጩበት። በፕላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልሉትና 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ወደ ቤቱ ሙቀት እስኪመለስ ፕላስቲኩን አትፍቱ፣ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል።

ከአያቶቻችሁ የወረሳችሁት የድሮ ጋሻ ካለ ከላይ ያልኩትን ሁሉ እሱ ላይ አታድርጉ። አትጠቡት፣ ቅባት አትቀቡት፣ መያዣው ቢበጠስም በአዲስ አትቀይሩት። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ አንሱለት። ፎቶ አንሱት፣ የነበረበትን መንደር፣ የያዘውን ሰው፣ ከታወቀ የሠራውን ሰው ስም ጻፉ። ትልልቅ ሰዎች በሕይወት እያሉ ጠይቁ። እንዲህ ያለ ዕቃ በዐዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ቅርስ ሊሆን ስለሚችል ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ አይሸጥም። ከመነካካታችሁ በፊት የቅርስ ባለስልጣኑን አማክሩ።

አዲሱን ጋሻ ግን በጀርባው፣ ከመያዣው ሥር፣ ምልክት አድርጉበት። በጋለ ቀጭን ብረት የሠሪው ስም፣ ቦታውና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍበት። ስሙ እንዲጻፍ መፍቀዱን ጠይቁት፣ እንዴት እንደሚጻፍም እሱ ይንገራችሁ። የባህል ቡድን ከሆናችሁ መድረክ ላይ ጋሻውን ስታስተዋውቁ ስሙን አብራችሁ ጥሩ፣ ሌላ ጋሻ የሚፈልግ ሰው ሲመጣም ወደ እሱ ምሩት።

ሚኒሶታ ወይም ሌላ አገር ላለ ዘመድ ልትልኩት ካሰባችሁ ሁለት ወረቀት ያዙ። አንደኛው አዲስ የእጅ ሥራ መሆኑን የሚያሳይ፣ የሠሪው ስምና የተሠራበት ቀን ያለበት ደረሰኝ ነው፤ ጉምሩክ ላይ «ቅርስ ነው» ተብሎ እንዳይያዝባችሁ። ሁለተኛው ከእንስሳት ሐኪም የሚገኝ የጤና ምስክር ወረቀት ነው፤ ብዙ አገሮች ያልለፋ ቁርበት በቀላሉ አያስገቡም። ተቀባዩ በዚያ አገር ያለውን ደንብ አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ላኩ።